የጋራ ሰነዳችን፦ ቡናችን ዛፍ ላይ እያለ እንዳይሸጥ

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ዘጌ

እንደምን ሰነበታችሁ ቤተሰቦች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተነጋገርነው መሠረት ለኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትና ለድጋፍ ሰጪዎች የምናቀርበውን ሰነድ ረቂቅ ጽፌያለሁ። እስከ ሐሙስ ማታ ሐሳባችሁን አስቀምጡ፣ እያረምኩ እመልሰዋለሁ። ስልክ የሌላቸው አባላት በልጆቻቸው በኩል ይጻፉ።

ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «እኛ የዘጌና የሜጫ አነስተኛ ቡና አምራቾች የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት አግኝተን ቡናችንን ያለ ደላላ ለውጭ ገበያ ለማቅረብ የሥልጠና፣ የገንዘብና የቁሳቁስ ድጋፍ እንጠይቃለን።»

የጎደለ ካለ ጨምሩ፣ የበዛ ካለ ቀንሱ።

የሒሳብ ሹም፣ ባሕር ዳር

እግዜር ይስጥልን ጸሐፊያችን። ከመስማማታችን በፊት ግን ፌርትሬድ፣ ማለትም ይህ ፍትሐዊ ንግድ የሚባለው ነገር ለገበሬ ምን እንደሚያስገኝ በቁጥር እንየው፤ እሑድ ዕለት ሁላችንም ስለ አንድ ነገር የምናወራ አልመሰለኝም።

ሁለት ገንዘብ ነው ያለው። አንዱ የዋጋ ወለል ነው፤ ገዥው ከዚያ በታች መክፈል አይችልም። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ ቡና በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ክብደት) 1.80 ዶላር ሆኗል፣ ከዚያ በፊት 1.40 ነበር። የእኛ ደረቅ ቡና ስለሆነ ወለሉ ለብቻው የተቀመጠ ነው። የዓለም ገበያ ከወለሉ ከፍ ካለ ገዥው የሚከፍለው የገበያውን ዋጋ ነው። በየካቲት 2017 የኒውዮርክ ዋጋ ከ4 ዶላር አልፎ ስለነበር ያን ጊዜ ወለሉ ለማንም አልፈየደም። የሚፈይደው እንደ 1994 ዓ.ም. ያለ ዘመን ሲመጣ ነው፤ ያኔ አንድ ፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር።

ሁለተኛው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ የሚጨመረው 20 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ይህ የሚገባው ለማኅበሩ ሲሆን ምን እንደሚሠራበት የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ቢያንስ 5ቱ ሳንቲም ግን ለምርታማነትና ለጥራት መዋል አለበት። በእኛ አነጋገር በአንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ) 7.50 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ፣ ማለትም አንድ ኮንቴይነር፣ ብንልክ ከ8,400 ዶላር በላይ ለማኅበሩ ይገባል። ለጤና ጣቢያ መንገድ ወይም ለትምህርት ቤት ጣሪያ ትልቅ ገንዘብ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ላንሳ። አንድ ኮንቴይነር ማለት 192 ኩንታል የተፈለፈለ ንጹሕ ቡና ነው። ለዚያ የእጥፉን ያህል ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ማቅረብ ይጠበቅብናል። ያለፈው ዓመት በመዝገባችን ያለው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ግማሽ አይሞላም። የምስክር ወረቀቱን የኦዲት ክፍያ ደግሞ ቡና ብንሸጥም ባንሸጥም እንከፍላለን።

የቀድሞ ሰብሳቢ፣ ይጋንዳ

ልጄ፣ ቁጥሩን ማስቀመጥህ መልካም ነው፤ ተስፋ ግን አታስቆርጠን። ኦሮሚያዎቹ ዩኒየናቸውን፣ የቡና ገበሬ ማኅበሮቻቸውን ኅብረት፣ በ1991 ሲያቋቁሙ ማን ያውቃቸው ነበር? ሲዳማና ይርጋጨፌም ተከትለው ወጡ። ስማቸውን መንግሥት በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግብ ሲል ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስንት ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1999 ነው ስምምነት ላይ የተደረሰው። የዘጌ ቡና ከእነዚያ በዕድሜ አያንስም። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር በቀሉ እያልን ነው ያደግነው። ስሙ አለን፤ ወረቀቱ ብቻ ነው የቀረን።

የማድረቂያ ኮሚቴ አባል፣ አፋፍ

ጋሼ፣ ስሙ አለን ያሉት እውነት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ በስሙ ስር የሚቀርበው ቡና ነው። ጥር ላይ የሞከርነውን ልንገራችሁ። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ሰሳ ዛፍ ጥላ ስር ቀዩን ብቻ መርጠን ለቀምን። ግማሹን ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ከ4 ሳንቲሜትር ሳናስበልጥ ዘርግተን ቀን ቀን አገላበጥነው፣ ማታ ሸፈንነው። ግማሹን እንደ ወትሮው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ አሰጣነው፤ ዶሮም ሄደበት፣ ጤዛም አደረበት።

ሲደርቅ ሁለቱን በየተራ በአንድ ምጣድ ቆልተን አፈላን። እናቴ ለየትኛው ስኒ ምን እንደቀዳን አልነገርናትም። የመጀመሪያውን ፉት ብላ ዝም አለች። ሁለተኛውን ስትቀምስ «ይኼ አፈር አፈር ይላል፣ የት አምጥታችሁት ነው?» አለችን። ያ የራሷ ግቢ ቡና ነበር።

ለገዥ የሚደርሰውም ይኸው አፈር አፈር የሚለው ነው። የፍትሐዊ ንግድ ምልክት ጣዕም አይቀይርም። ስለዚህ ሰነዱ ላይ ከምስክር ወረቀቱ በፊት አልጋ ይጻፍልን። በየጎጡ አንድ አንድ የጋራ ማድረቂያ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ ሸራ። በጥርስ ነክሶ «ደርቋል» የሚባለው ይቅር፤ ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው ቡና መጋዘን ውስጥ ይሻግታል።

አንዲት እናት አባል፣ ኡራ (ልጄ ነው የሚጽፍልኝ)

ልጆቼ፣ ቀይ ልቀሙ ስትሉ እሰማለሁ። ቀይ እንዳልለቅም የሚያደርገኝን ግን የጠየቀኝ የለም፣ እስቲ እኔው ልንገራችሁ።

ዘጌ ሞፈር አይገባባትም፣ ከብት አይረባባትም። አባቶቻችን በግዝት ከልክለው ያቆዩልን ነው፣ ደኑም የቀረው በዚያ ነው፤ አላማርርም። ግን የምንበላው ጤፍ ሁሉ ከገበያ የሚገዛ ነው። የቡናው ገንዘብ ከፋሲካ አያልፍም። ሰኔ ይገባል፣ ሐምሌ ይገባል። ነሐሴ ላይ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ያስፈልጋል። ያኔ ነጋዴው ይመጣል። ቡናዬ ገና እንደ አተር አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ እያለ እሸጥለታለሁ። ታኅሣሥ ላይ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወጣ የኔ የነሐሴው ዋጋ ነው። የሚለቅመውም የእሱ ሰው ነው። ቅርንጫፉን ጨብጦ ቁልቁል ይገፈዋል፤ ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ቅጠሉም አብሮ ይረግፋል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚያብበው እንቡጥ ሳይቀር ይሄዳል።

ያልሸጠውም ቢሆን ሌባ ይፈራል። ጎረቤቴ እስኪቀላ ልጠብቅ ብላ አንድ ሌሊት አጥር ስር ያለውን ጨረሱባት። በማግስቱ የቀረውን ጥሬውን ለቅማ ቤት አስገባች።

ነጋዴውንም ጠላት አታድርጉት። ልጄ ሌሊት ታሞ ለታንኳና ለሐኪም ቤት ገንዘብ የሰጠኝ እሱ ነው። ማኅበሩ ያን ሌሊት በሩ ተዘግቶ ነበር።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ዘጌ

እናቴ፣ ልቤን ነው የነኩት። ረቂቁን የጻፍኩት ከመጨረሻው ጀምሬ እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሌሎቻችሁ፣ እሳቸው ያነሱትን ሳትመልሱ ወደ ሌላ አትለፉ።

የሒሳብ ሹም፣ ባሕር ዳር

እኔም ያላየሁትን ነው ያሳዩን። ፌርትሬድ ለዚህ ያበጀው ነገር አለ። ማኅበሩ ከጠየቀ ገዥው የውሉን ዋጋ እስከ 60 በመቶ አስቀድሞ መክፈል አለበት። ግን ይህ የሚመጣው ውል ሲኖር ነው። ውል የሚኖረው ጥሩ ቡና ሲኖር ነው። ጥሩ ቡና የሚኖረው ደግሞ ነሐሴን የሚያሻግር ገንዘብ ሲኖር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ሌላ ሰው መሸፈን አለበት፤ ሰነዳችን የሚጠይቀው ዋናው ነገር ይህ መሆን አለበት።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። የክረምት ብድር ብለን እንጥራው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ለአባል ይሰጣል፤ የሚመለሰው በታኅሣሥና በጥር በቀይ እሸት ቡና ነው፣ ዋጋውም የተረከብንበት ዕለት የገበያ ዋጋ ይሆናል። የነሐሴ ዋጋ ከሆነማ እኛም ነጋዴው ሆንን ማለት ነው።

አባል፣ መራዊ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሜጫ በኩል ልጨምር። እኛ ጋ ሞፈርም በሬም አለ፣ የቆጋ መስኖ ውኃም አለን፤ ቡናችን በጓሮ በዋንዛ ጥላ ስር ነው። የኛ ችግር ከእናንተ ይለያል። ባሕር ዛፍ በየቦታው እየገባ ነው። ቡና ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል፤ ባሕር ዛፍ ተክለህ ብትረሳውም ይሸጣል። ሰው ቡናውን ነቅሎ ሲተክል ዓይኔ አይቷል፣ ልወቅሰው ግን አልቻልኩም።

ብድሩን እደግፋለሁ፤ አንድ ጥያቄ አለኝ። ብድሩን ከማኅበሩ ወስዶ ቡናውን ለነጋዴ የሚሸጥስ?

የቀድሞ ሰብሳቢ፣ ይጋንዳ

እኔ ሰብሳቢ ሳለሁ ያ ደርሶብናል። የማዳበሪያ ብድር አልመለስ ብሎ ማኅበሩ ሦስት ዓመት ታመመ። ስለዚህ ብድሩ ለአንድ ሰው በቀጥታ አይሰጥ። አምስት አምስት ጎረቤት እርስ በርሱ ዋስ ይሁን። ማሳቸው የሚዋሰን ይሁን፤ አንዱ የሌላውን ቡና ሌሊት ይጠብቃል፣ የሌባውም ነገር አብሮ ይቀላል። እቁብና ዕድር የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም።

የወረቀቱን ነገር ግን አልተውኩም። በሰነዱ ይቆይ።

የማድረቂያ ኮሚቴ አባል፣ አፋፍ

ይቆይ ጋሼ፤ ለሦስተኛው ዓመት ይሁን። እስከዚያ ግን ቡናው የት ይሸጣል? እኔ የምለው እዚሁ ነው። የሀገራችን ቡና ግማሽ ያህሉ ሀገር ውስጥ ነው የሚጠጣው። ባሕር ዳር በጀልባ አጠገባችን ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ በኛ ማሳ መካከል ነው የሚያልፈው፤ በመንገዱ ዳር የሚሸጥለት ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቡና ነው። ከአልጋ የወረደውን ቆልተንና አሽገን የለቀመችውን ሴት መንደር ጽፈንበት እንሽጥ። ለራሳችን ሰው ያልታመነ ሚዛን ለባዕድ አይታመንም፤ መጀመሪያ በዚሁ እንፈተን።

ወጣት አባል፣ አፋፍ

እኔ የምሠራው ሥራ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ሕግ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 በኋላ ደን ተጨፍጭፎ ከተተከለበት መሬት የመጣ መሆን የለበትም፤ የየማሳው መገኛም መመዝገብ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። የኛ ሁሉ ከዚያ በታች ነው። በስልኬ እየዞርኩ በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ፤ ከኔ ጋር ሁለት ልጆች ስጡኝ። ነጥቡን ስወስድ የጥላ ዛፉንም እጽፋለሁ፤ ብርብራው ስንት፣ ብሳናው ስንት። ታንኳ ሙሉ እንጨት ወደ ባሕር ዳር ሲጫን እያየን ዝም ካልን በአምስት ዓመት የሚመዘገብ ደንም አይኖር።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ዘጌ

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። አንብቡት።

«እኛ የዘጌና የሜጫ አነስተኛ ቡና አምራቾች ቡናችን ዛፍ ላይ እያለ በክረምት ዋጋ እንዳይሸጥ በመጀመሪያ ደረጃ የክረምት ተዘዋዋሪ ብድር እንጠይቃለን። ብድሩ ማሳቸው ለሚዋሰን አምስት አምስት አባላት በጋራ ዋስትና ይሰጣል፣ በርክክብ ዕለት ዋጋ በቀይ እሸት ቡና ይመለሳል። ከብድሩ ጋር በየጎጡ የጋራ ማድረቂያ አልጋ፣ የእርጥበት መለኪያና በአባላት ፊት የተፈተሸ ሚዛን ይሟላልን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚገኘውን ቡና በራሳችን ስም በባሕር ዳር እንሸጣለን። በሦስተኛው ዓመት የርክክብ መዝገባችንንና የማሳ ነጥቦቻችንን ይዘን፣ ከነባር ዩኒየን ጋር በመጣመርም ቢሆን፣ የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት እንጠይቃለን። ለድንገተኛ ሕመም ማንኛውም አባል በማንኛውም ሰዓት የሚያገኘው አነስተኛ ገንዘብ በሁለት ሰዎች እጅ ይቀመጣል፤ አንዷ ሴት ትሆናለች።»

እናቴ፣ የመጨረሻዋ የእርስዎ ናት። ትክክል ጽፌያታለሁ?

አንዲት እናት አባል፣ ኡራ

ትክክል ናት፣ ዕድሜ ይስጥህ። አንድ ነገር ቀርቷል። በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የኔም የባሌም ፎቶ ጎን ለጎን አለ። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። የምለቅመው እኔ፣ የማሰጣው እኔ፣ የማገላብጠው እኔ። እሱ ባሕር ዳር ሲሄድ ርክክብ ላይ የምፈርመው በእሱ ስም ነው፤ ጉባኤ ላይ ግን ድምፅ የለኝም። ብድሩም በእሱ ስም ብቻ ከወጣ የልጆቹ ደብተር ላይ መድረሱን ማን ያውቃል?

የቀድሞ ሰብሳቢ፣ ይጋንዳ

ይህን እኔ ነበርኩ ማስተካከል የነበረብኝ፤ ስምንት ዓመት መዝገቡ በእጄ ነበር። ይቅርታ እህቴ። ሁለቱም ይመዝገቡ፣ ሁለቱም ድምፅ ይስጡ፣ ብድሩን ሁለቱም ይፈርሙ።

አባል፣ መራዊ

ከሜጫ በኩል ተስማምተናል። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው፣ ከሁላችን በፊት የተስማማችው እሷ ናት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ዘጌ

ጨምሬዋለሁ፦ «የአባላት መዝገብ፣ የርክክብ ደረሰኝና የብድር ውል በባልና በሚስት ስም ይሆናል፤ ሁለቱም በጉባኤ ድምፅ ይኖራቸዋል።»

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ሚዛኑን ይዤ እመጣለሁ፤ ሁላችሁም እያያችሁ በታወቀ ክብደት እንፈትሸዋለን። ወጣቶቹ የኡራን ማሳዎች ከዚያው ይጀምራሉ። ጥንዶች ስትመጡ የይዞታ ደብተራችሁን አትርሱ።