ማሳጅ ፈቃድ ይሰጠው ወይስ ይቅር? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር

ጥያቄው፦ ማሸት እንደ ጤና ሙያ ተቆጥሮ በሥልጠናና በፈቃድ ይሠራ? ወይስ ሆስፒታል ካለው ፊዚዮቴራፒ (በመልመጃና በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) አይውጣ?

ጠያቂዋ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ፦ እናቴን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት ሆናት። ግራ እጇ አልታዘዝ ብሏታል። ማታ ማታ ዘይት ቀብቼ አሻታለሁ። እጇ ተፈታ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ያሸኋት ለታ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ጠዋት ታወራለች። ከዚያ በፊት ሰው የሚነካት ለመርፌና ለማጠብ ብቻ ነበር። ይሄን ተምሮ የሚሠራ ሰው ከተማችን ይገባታል እላለሁ። አሁን "ማሳጅ ቤት" ሲባል ሰው ፊቱን ያዞራል።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። ፊቱን የሚያዞረው ግን በምክንያት ነው። በማሳጅ ስም ሌላ ነገር የሚሠራበት ቤት አለ። ፈቃድ ሲባል ቀድመው የሚሰለፉት እነሱ ናቸው። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ወገቤ ሲቆረጥ እኔን የሚያሽረኝ ወንበርና እረፍት ነው። ሥራው ያጎበጠውን ወገብ በገዛ ደሞዜ ላሳሽ?

ነርስ፣ ደሴ፦ ስለ ወንበሩ ልክ ነህ። ማሸት የእረፍትን ቦታ አይተካም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ግን፣ ለአዲስ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት አንዱ ማሸት ነው። ማስረጃው ጠንካራ አይደለም፣ ያንንም መመሪያው ራሱ ይናገራል። እኔን የሚያስፈራኝ ያልተማረ እጅ ነው። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ካመመ አይታሽም። ደም ረግቶ ከሆነ ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የነፍሰ ጡር ሆድም አይታሽም። በወጌሻ ጠብቆ ታስሮ ደም ያጣ ክንድ በዓይኔ አይቻለሁ። የልጅ ክንድ ነበር።

አባት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፦ ልጄ፣ ወጌሻን ሁሉ በአንድ አትውቀጪ። እኛ በማን እጅ አደግን? ታጥበን፣ በቅቤ ታሽተን አይደል? አራስስ ወገቧ ሳይታሽ ትነሳ ነበር?

ነርስ፣ ደሴ፦ አባቴ፣ ቁጣዎ ይገባኛል። በሕፃኑ ነገር ሕክምናውም ከእርስዎ ጋር ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ይታቀፋል። ይሄ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ የሕፃናት ማሞቂያ ሳጥን ሲያጥር የተጀመረ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክረዋል፣ ነፍስ ያድናል። ቆዳችንም ለዝግታ ዳሰሳ የተለዩ ነርቮች አሉት። በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲዳሰስ ይነቃሉ። እናት ልጇን ሳትለካ የምትዳብሰው በዚሁ ፍጥነት ነው። ስብራት ግን መጀመሪያ ራጅ ይነሳ፣ እለምንዎታለሁ።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦ እኔ ስለ ወገብ አልናገርም። አያቴ የሥጋ ደዌ ታሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታክሟል። ድኖም ሰፈሩ እጁን አልጨበጠውም። በሽታው በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ ቢነገራቸውም ያው ነበር። አንዲት ሐኪም ያለ ጓንት እጁን ይዛ ስታናግረው አለቀሰ። ጣቶቹ ደንዝዘዋል፣ እሱ ግን እንደያዘችው አይቷል። እስኪሞት ያወራው ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለዚያች እጅ ነው። ሕክምና ነው ወይስ አይደለም ስትሉ እሱ ትዝ ይለኛል።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ አንጀቴን በላኸው። እሺ፣ እኔም ጨርሶ ይቅር አልልም። ግን ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይሽ። ዋጋው በር ላይ ይጻፍ። የተማረበት ወረቀት ይለጠፍ። እንደዚያ ከሆነ እናቴን ራሴ አመጣታለሁ። እንደዚያ ካልሆነ ግን ተቃዋሚ ነኝ።

ጠያቂዋ፣ ሰኞ ገበያ፦ በዚህ እስማማለሁ። ዋጋው ግን ለእናንተ ደሞዝም ይቻል። ለሀብታም ብቻ ከሆነ ምን ተከራከርን?

ነርስ፣ ደሴ፦ እታለም፣ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር። እናትሽን ስታሺ የደከመውን ክንድ አትጎትቺ። ከስትሮክ በኋላ ትከሻ በቀላሉ ይወልቃል። ክንዷን ትራስ ላይ አስደግፈሽ፣ ከመዳፏ ጀምሪ።

ጠያቂዋ፣ ሰኞ ገበያ፦ ስጎትት ነበር። "ቀስ በይ" ስትለኝ ሰንፋ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ማታ ትራስ አደርጋለሁ።