አያሰልፉኝም፣ አይለቁኝም

ሰላም ቤተሰብ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። 19 ዓመቴ ነው፣ የአራዳ ልጅ ነኝ። የእግር ኳስ ክለቡ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚሁ አራዳ ነው፤ የእኔ ክለብ ግን ሌላ ነው። ስሙን ልተወው።

የምጫወተው የግራ ተመላላሽ ሆኜ ነው። ከ20 ዓመት በታች ቡድኑ ውስጥ ቆይቼ ዘንድሮ ከዋናው ቡድን ጋር ልምምድ ጀመርኩ። ጨዋታ ሲደርስ ግን ስሜ የለም። ኳስ ለቅሜ፣ መለያ ሰብስቤ ወደ ቤት። አሰልጣኙን ስጠይቃቸው «ታገስ፣ ገና ልጅ ነህ» ይሉኛል። ቦታዬን የያዘው ሰውዬ 33 ዓመቱ ነው፤ እሱ ደግሞ አያረጅም መሰለኝ!

አሁን አንድ የከፍተኛ ሊግ ቡድን ፈልጎኛል። መልቀቂያ ስጠይቅ «ውል አለብህ» ተባልኩ። እውነት ነው፣ በ16 ዓመቴ አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ። ኮፒ አልሰጡኝም፤ አባቴም አላዩትም። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች ከ3 ዓመት በላይ ውል አይፈቅድም። የእኔ 3 ዓመት ባለፈው ወር ሞልቷል።

ታዲያ መልቀቂያ ሊከለክሉኝ ይችላሉ? መጀመሪያ ፌዴሬሽን ልሂድ ወይስ ጠበቃ ልያዝ? የውሉን ኮፒስ በምን መንገድ ላግኝ? የደረሰበት ካለ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ፣ የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋብኝ።