ያገለገለ የፔይንትቦል ዕቃ ገዛሁ፤ ልጆቹ ሳይጫወቱበት ምን ምን ላስፈትሽ?

ታላቅ እህት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜና ጓደኞቹ ፔይንትቦል (ቀለም የያዘ ኳስ እየተተኳኮሱ የሚጫወቱት ጨዋታ) ጀምረዋል። የራሳቸው ዕቃ እንዲኖራቸው ብዬ ጨዋታውን ከተወ ሰው በጅምላ ገዛሁላቸው። ማርከሮቹ (ኳሱን የሚተኩሱት መሣሪያዎች) ይሠራሉ፤ ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። የጭንብሎቹ ሌንስ ተጫጭሯል፤ ሁለቱ ደግሞ የበረዶ ሸርተቴ መነጽር ይመስሉኛል። ኳሱን የሚገፋውን ጋዝ የሚይዙት ሲሊንደሮች ደግሞ ገሚሶቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ገሚሶቹ የታመቀ አየር ናቸው፤ ላያቸው ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ወንድሜ በበኩሉ ፍጥነት የምታስተካክለውን ብሎን አግኝቶ «ትንሽ ጠበቅ ካደረግናት ራቅ አድርጎ ይመታል» ይላል። የቱን ልጣል፣ የቱን ላሠራ፣ የቱንስ ልከልክል?

የሜዳ ዳኛ፦
እህቴ፣ ከዓይን እንጀምር። በዚህ ጨዋታ ሰውነት ላይ የሚያርፍ ኳስ ያበልዛል፤ ዓይን ላይ ያረፈ ግን ያሳውራል። ስለዚህ እነዚያን ሁለት የበረዶ ሸርተቴ መነጽሮች ዛሬውኑ ከዕቃው ለይተሽ አውጪያቸው። ለነፋስና ለፀሐይ እንጂ ለኳስ ምት አልተሠሩም። የሥራ ቦታ መነጽርም እንደዚያው ነው፤ ጎኑ ክፍት ነው፣ ሲመታም ከፊት ይወልቃል። የፔይንትቦል ጭንብል ሌንሱ ወይም ክፈፉ ላይ «ኤኤስቲኤም ኤፍ 1776» (ASTM F1776) የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ይህ ለፔይንትቦል ብቻ የወጣ የዓይን መከላከያ ደረጃ ነው። ጽሑፉ የሌለበትን እኔ ሜዳ አላስገባም።

ቀሪዎቹን ሌንሱን ከክፈፉ አውጥተሽ ብርሃን ላይ አሳልፈሽ እያቸው። መሀሉን ሳይሆን ጠርዙን ተመልከቺ፤ ሌንሱ ከክፈፉ ጋር የሚቆለፍባቸው ጥርሶች ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ አለቀለት። ከቅርብ ርቀት ተመትቶ የነበረ ሌንስም ስንጥቅ ባይታይበት ይቀየራል። ያንቺ ያገለገለ ስለሆነ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተመታ የሚነግርሽ የለም፤ ስለዚህ የሁሉንም ሌንስ በአዲስ ቀይሪ። ክፈፉና ማሰሪያው ደህና ከሆነ ይቆያል፤ ላስቲኩ ረግቦ ከሆነ ግን እሱም ይቀየር።

ባለ ላቦራቶሪ፦
ዳኛው ያለውን ላጠናክር። ሌንሱ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ የመስኮት ማጽጃ (አሞኒያ ያለበት)፣ ቤንዚን ወይም አልኮል ከነካው ውስጥ ለውስጥ ይደክማል፣ ላዩን ግን ምንም አይመስልም። በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጸዳ። ድርብ ሌንስ ከሆነ ውኃ ውስጥ አትንከሪው፤ በሁለቱ ንጣፎች መሀል ውኃ ይገባና ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ይደበዝዛል።

መደብዘዙን ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪው። ልጆች ጨዋታ መሀል ጭንብል ገለጥ የሚያደርጉት ላብና ትንፋሽ ሌንሱን ሲጋርድባቸው ነው፤ ዓይን የሚጠፋውም ያኔ ነው። ገንዘብሽ የሚበቃው ለአንድ ማሻሻያ ብቻ ከሆነ ቶሎ ለማይደበዝዘው ለድርብ ሌንስ አውጪው።

ቆልፍ፦
አፈሙዙስ? ከሜዳ ውጭ ማርከር ሁሉ የጨርቅ ሽፋኑን አጥልቆ፣ ገመዱ ወደ ኋላ ተወጥሮ ይያዝ። ድሮ ይሠራበት የነበረው የፕላስቲክ መሰኪያ ድንገት ቢተኮስ ከኳሱ ጋር ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። ጥቅሉ ውስጥ መሰኪያ ካገኘሽ ጣዪው።

የጋዝ ባለሙያ፦
እኔ የምሠራው ሲሊንደር ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ሁለቱን ዓይነት አታደባልቂ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ በክፍል ሙቀት ግፊቱ 850 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው፤ 58 ባር) አካባቢ ነው፣ ሲሞቅ ግፊቱ በፍጥነት ይጨምራል። የሚሞላውም በሚዛን ነው፤ ከልክ በላይ የተሞላ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ የደህንነት ዲስኩ (ግፊት ሲበዛ ተቀዶ ጋዙን የሚያስወጣው ስስ ብረት) ይፈነዳል። የታመቀ አየር ታንክ ደግሞ እስከ 3000 ወይም 4500 ፒኤስአይ ይሞላል፤ የቱ እንደሆነ ላዩ ላይ ተጽፏል። ከተጻፈው በላይ መሙላት የለም።

የተቀረጸው ቁጥር የተሠራበትን ወይም በውኃ ግፊት የተፈተነበትን ወርና ዓመት ይነግርሻል። በአሜሪካ የትራንስፖርት ደንብ አብዛኞቹ ታንኮች በየ5 ዓመቱ ይፈተናሉ፤ ካርቦን ፋይበር የተጠቀለለባቸው ደግሞ ፈተናውን ቢያልፉም ከ15 ዓመት በላይ አይሞሉም። በጣም ትናንሾቹ ጠርሙሶች ከዚህ ፈተና ነፃ ናቸው። ሌሎች አገሮች የየራሳቸው ምልክትና ጊዜ አላቸውና የምትሞሉበትን ቦታ ጠይቂ። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ፋይበሩ የተላጠ ታንክ ግን የትም አገር ቢሆን አይሞላ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሰው የገደለው ስህተት ይህ ነው፦ ተጫዋቹ ጠርሙሱን ከማርከሩ እየፈታሁ ነው ብሎ ያዞራል፤ የሚፈታው ግን ጠርሙሱ ከራሱ ቫልቭ ነው። የመጠምዘዣው ጥርስ ሲያልቅ ጠርሙሱ እንደ ሮኬት ይተኮሳል። መከላከያው የጥፍር ቀለም ነው። ከቫልቩ ተነስቶ ጠርሙሱ አንገት ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪበት። ሲፈታ መስመሩ ሳይቆረጥ አብሮ መዞር አለበት። ጠርሙሱ ዞሮ ቫልቩ ከቀረ እጅን እዚያው ማቆም ነው።

ሌላው፣ የአየር ታንክ መሙያ ጫፍ ላይ ዘይትም ግራሶም እንዳይነካ። አየሩ በከፍተኛ ግፊት ሲገባ የሚፈጠረው ሙቀት ዘይቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ፊዚክስ አስተማሪ፦
ለወንድምሽ ይህን አሳዪው። የተለመደው ኳስ (0.68 ኢንች) ወደ 3 ግራም ይመዝናል። የተለመደው የፍጥነት ጣሪያ በሰከንድ 300 ጫማ ወይም 91 ሜትር ነው፤ ጉልበቱ ወደ 12.4 ጁል ይመጣል። ወደ 100 ሜትር ከፍ ካለ 15 ጁል። ፍጥነቱን በአንድ አሥረኛ ጨመረ፣ ምቱን ግን በአንድ አምስተኛ።

ፈጣን እጅ፦
300 ከተፈቀደ 300 ላይ ማድረግ ምን ችግር አለው? እኛ ሁሌም እዚያ ላይ ነው የምንጫወተው።

የሜዳ ዳኛ፦
ችግር አለው። 300 ጣሪያ ነው፤ ብዙ ሜዳዎች 280 ላይ ያቆማሉ፣ ጨዋታው ቤት ውስጥ ሲሆን ከዚያም ይወርዳል። በተለይ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ማርከር ጠዋት በብርድ 290 ያሳየ እኩለ ቀን ላይ ከ300 ሊያልፍ ይችላል። በመለኪያው (ክሮኖግራፍ) የሚጫወቱበትን ኳስ እየተኮሱ ጠዋትም ከሰዓትም ይለኩ። ብሎኗን የሚነካት አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሲነካትም መለኪያው ፊት ቆሞ።

ድንበር ተሻጋሪ፦
ሕጉን በተመለከተ አገር ለአገር ይለያያል። ጀርመን ውስጥ ማርከር ከ7.5 ጁል መብለጥ የለበትም፣ «ኤፍ» የሚል ምልክት ያስፈልገዋል፣ ዕድሜም 18 ነው። ሌላ አገር ፈቃድ የሚጠየቅበትም አለ። ከአገር አገር ይዘሽ ከመንቀሳቀስሽ በፊት የምትሄጂበትን አገር ፖሊስና አየር መንገዱን ጠይቂ፤ ታንክም ባዶ ይሁን።

ታላቅ እህት (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌንሶቹን አዝዣለሁ፣ መስመሩንም አሰመርኩ። ግን አንዱ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙስ ላይ ቫልቩና አንገቱ መሀል የመጠምዘዣው ጥርስ ይታየኛል። ጋዝ አለበት። መልሼ ላጥብቀው?

የጋዝ ባለሙያ፦
አይ! አታጥብቂው፣ አትፍቺው፣ ማርከር ላይም አትግጠሚው። ሰው በማያልፍበት ቀዝቃዛ ቦታ ለብቻው ተዪውና ሲሊንደር የሚፈትሽ ባለሙያ ጋ ደውለሽ የምታይውን ንገሪው፤ እንዴት እንደሚነሳ እሱ ይወስን። እስከዚያ ልጆቹ ወደዚያ ክፍል እንዳይገቡ በሩን ቆልፊ።