ስለ ባጃጅ መስመሮች የምናስገባው ሐሳብ፦ ማን ይጠራ?

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። የሐዋሳ ባጃጅ መስመሮች እንደገና ሲደለደሉ፣ የሚደለድለውን ቢሮ የምንጠይቀውን እስከ ዓርብ መጨረስ አለብን። አንቀጽ 2 ላይ «ባለድርሻ አካላት ይሳተፉ» ብያለሁ። ምን ትላላችሁ?

የመናኸሪያ መስመር ተወካይ፦ ጋሼ፣ ይቺ አትበቃም። ባለፈው ተጠርተን ምን አገኘን? ወረቀቱ ታትሞ ጠበቀን። አጨበጨብን፣ ለስላሳ ጠጣን፣ ወጣን። «ከመጻፉ በፊት» የሚል ይግባበት።

ሒሳብ ያዥ፦ እስማማለሁ። የማልታንም ነገር ጥቀሱ። 316 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች የደሴቶች አገር ናት፤ ባቡር የላትም። ድሮ ቢጫዎቹን አውቶብሶች ብዙውን ጊዜ የሚነዷቸው ባለንብረቶቹ ነበሩ፣ ልክ እንደኛ። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2011 ኩባንያውም መስመሩም በአንድ ጀምበር ተቀየረ። ሰዉ የቱ አውቶብስ የት እንደሚሄድ ግራ ገባው። መስመሮቹ እንደገና መነካካት ነበረባቸው። ረጃጅሞቹ ታጣፊ አውቶብሶች በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ብዙ አማረሩ፤ በ2013 የተወሰኑት ተቃጠሉና ሁሉም ከሥራ ወጡ። አዲሱ ኩባንያም በ2014 መግቢያ ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ጠባብ መታጠፊያ ካርታ ላይ አይታይም፤ የሚያውቀው የሚነዳበት ነው።

የአቶቴ መስመር አባል፦ እኛ ደሴት ነን እንዴ? 😄

ሒሳብ ያዥ፦ አይደለንም። ግን በአንድ ወገን ሐይቁ ዘግቶናል። ዞር ብለህ አታመልጥም።

አንዲት ሹፌር፦ እኔ ስለ ተሳፋሪው ላንሳ። ከአሞራ ገደል ዓሣ የምታመጣ እናት አለች፣ ጠዋት ጠዋት እጭናታለሁ። ሳፋዋን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ አጠገቧ ያለው ይነጫነጫል። አንዳንዱ ሹፌር የሁለት ሰው ሒሳብ ያስከፍላታል። እሷን ጠዋት 3 ሰዓት አዳራሽ ብትጠሩ ትመጣለች? ገበያዋ ያኔ ነው። ስብሰባው 10 ሰዓት ላይ፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ይሁን። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ደግሞ ከፈረቃ ሲወጡ ይጠየቁ።

የአቶቴ መስመር አባል፦ ተራ አስከባሪዎችስ? እኔ በበኩሌ አይጠሩ ባይ ነኝ።

የመናኸሪያ መስመር ተወካይ፦ ይጠሩ እንጂ! ካልተጠሩ በማግስቱ ታፔላውን ማን ያስከብራል?

ጸሐፊ፦ እሺ። አንቀጽ 2 እንዲህ ይሁን፦ «ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ሹፌሮች፣ ተራ አስከባሪዎችና ተሳፋሪዎች በሚመቻቸው ሰዓትና ቦታ ይጠየቁ። የተናገሩት በጽሑፍ ይያዝ፤ ቢሮው ያልተቀበለውም ምክንያቱ ይነገር። ሳፋ ይዞ የሚሳፈር ሰው የሚከፍለው ታሪፍ ይወሰን።» ሳፋው ለቢሮ ደብዳቤ ትንሽ ይቀልላል መሰለኝ?

አንዲት ሹፌር፦ እንዳታወጣው።