በአጀሚ የተጻፈ መንዙማ፦ ኮምፒውተር ሊያነበው ይችላል?

የሆጤዋ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፎክሎር ማስተርስ ተማሪ ነኝ። አያቴ ትተውልን ያለፉ የመንዙማ ደብተር አለ። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ፤ አጀሚ የሚባለው ነው። 212 ገጽ በስልኬ አንስቻለሁ። ቃል ፈልጌ የማገኝበት ጽሑፍ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። አንድ የዐረብኛ ማንበቢያ ሞከርኩ፤ ያወጣው ነገር ዐረብኛም አማርኛም አይደለም። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ከየት ልጀምር?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ፣ ላፕቶፑ አያሳስብሽ። ትራንስክሪቡስ የሚባል አለ። ከባዱን ሥራ የሚሠራው ሰርቨሩ ነው፤ ያንቺ ማሽን ምስል ይልካል፣ ውጤት ይቀበላል፣ በቃ። የሞከርሽው ለታተመ ፊደል የተሠራ ይመስለኛል። ይሄኛው የእጅ ጽሑፍ ያነባል፣ ግን መጀመሪያ አስተምረሽው። ከ25 እስከ 75 ገጽ ድረስ ራስሽ መስመር በመስመር ትገለብጪለታለሽ። ከዚያ የቀረውን እሱ ያነባል፣ አንቺ ታርሚያለሽ። በነፃ የሚሰጠው ኮታ ትንሽ ስለሆነ በሙከራ አትጨርሺው። ምስሉን ሌሊት ጫኚ። እኔ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው የምጭነው፤ እንቅልፌን ኢንተርኔት በልቶታል።

የሆጤዋ፦
የምገለብጠው በዐረብኛ ፊደል ነው ወይስ በግዕዝ?

ቀለም ቀንድ፦
በዐረብኛው፣ እንደተጻፈው። ማሽኑ የሚማረው ቅርጽን ከፊደል ማገናኘት ነው። ወደ ግዕዝ መመለሱ ሌላ ሥራ ነው፤ እውነተኛው ፈተናም እሱ ነው። የዐረብኛ አጭር አናባቢ ምልክት ሦስት ነው፣ የእኛ አናባቢ ግን ሰባት። «ሞት» እና «ሙት» ዋው በሚባለው በአንድ የዐረብኛ ፊደል ሊጻፉ ይችላሉ። ቸ፣ ጨ፣ ኘ ደግሞ በዐረብኛ የሉም፤ አንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን ነጥብ ይጨምራል፣ አንዳንዱ በቅርብ ፊደል ያልፈዋል። የአያትሽን ልማድ በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቢ፤ ይህ ነጥብ ይህን ድምፅ ነው እያልሽ። ያ ወረቀት ከሶፍትዌሩ ይበልጥብሻል።

ኢስክሪፕቶሪየም የሚባልም አለ። ክፍት ነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውንም በደንብ ይዞታል። ግን ሰርቨር ላይ የሚጭንልሽ ሰው ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲሽን አይሲቲ ጠይቂ።

ቦርከና፦
ጠይቂ ማለት ቀላል ነው። እኔ ስጠይቅ ሦስት ወር «ነገ ና» ተባልኩ።

አባ ሙሐመድ (ቧንቧ ውሃ)፦
ልጄ፣ አያትሽን አላህ ይዘንላቸው። ሁለት ነገር ልበልሽ። አንደኛ፣ ደብተሩ የቤተሰቡ ሁሉ ነው። አጎቶችሽን ሳታስፈቅጂ ኢንተርኔት ላይ እንዳትለጥፊው። ለሐድራ፣ ለዱዓውና ለዚክሩ ጉባኤ፣ ብቻ የሚባል መንዙማ አለ። ሁለተኛ፣ ይህን የሚያነቡ ሽማግሌዎች እያለቁ ነው፤ በሕይወት ያሉትን ቅደሚ።

ቀለም ቀንድ፦
አባ ትክክል ናቸው። ሲያዜሙ ቅጂያቸው። ኢላን በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ድምፁን ከጽሑፉ ጋር መስመር በመስመር ታገናኛለሽ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ፎቶዎቹንም እንደገና እያቸው። ጥራዙ ጋ የተጣመመ መስመር ማሽኑን ያሳስተዋል። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሺ። ዋናውን ምስል ሳትነኪ ሦስት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከደሴ ውጭ ይሁን። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ አይተናል።

ማነጻጸሪያ ከፈለግሽ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቀንድ እስላማዊ ጽሑፎች ላይ የሠራውን ፈልጊ። በአሜሪካ ያለው የሂል ሙዚየምና የእጅ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የኢትዮጵያ ማይክሮፊልም ስብስብ ሰፊ ነው፣ ግን አብዛኛው የግዕዝ ነው።

የሆጤዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
31 ገጽ ገለበጥኩ። ከአጎቴ ጋር ትናንት ተቀመጥን። ገጽ 3 ላይ «ጹም» ብዬ ያነበብኩትን እሳቸው «ጾም» ብለው አዜሙት። መዝጊያው ላይ ያለው አንድ ነጥብ ግን እሳቸውንም ግራ አጋባቸው። ፎቶውን ልላክላችሁ?

አባ ሙሐመድ፦
አስፈቅደሻቸዋል?

የሆጤዋ፦
አዎ አባ። «ያቺን ገጽ ብቻ» ብለዋል።