የወለጋ ወርቅ አክሲዮን፦ «ገቢ ሊጀምር ነው» ሲባል

ጥያቄ፣ ከለንደን፦
ሰላም ወገኖቼ። ሰሞኑን ከቅዳሴ ስንወጣ ወሬው ሁሉ የወለጋው ቱሉ ካፒ የወርቅ ማዕድን ሆኗል። አንድ ወዳጃችን «አሁን በርካሽ ግዛ፣ ወርቁ መውጣት ሲጀምር አታገኘውም» ብሎ ይዞኛል። ለቤት ካጠራቀምነው ላይ 5 ሺህ ፓውንድ ብናስገባ ምን ትላላችሁ? ባለቤቴ አልተዋጠላትም።

መልስ፣ ከበርሚንግሃም፦
ወንድሜ፣ ባለቤትህን ስማት። ለቤት የተቀመጠ ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ወርቁ አለ፣ እሱ አያከራክርም። ምዕራብ ወለጋ ቱሉ ካፒ ላይ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ነካክተውታል። በኋላ ኒዮታ የሚባል ኩባንያ እየቆፈረ አጠናው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለንደን ውስጥ ኤይም በሚባለው የትናንሽ ኩባንያዎች የአክሲዮን ገበያ ላይ ያለው ኬፊ የሚባል ኩባንያ ያዘው፤ ወዳጅህ ግዛ የሚልህም የእሱን አክሲዮን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በጥናቱ መሠረት ክምችቱ 1 ሚሊዮን አውንስ (የወርቅ ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ነው።

የአክሲዮኑ ነገር ግን ሌላ ነው። በ2015 የማዕድን ፈቃዱ ሲሰጥ፣ ምርት በ2017 ይጀመራል ነበር የተባለው። ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፣ የወለጋ ጸጥታ ተበላሸ፣ የአበዳሪዎቹ ቅድመ ሁኔታም አላልቅ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከማዕድኑ የገባ ሳንቲም የለም። ደመወዙ፣ ጠበቃው፣ ጥናቱ ግን ይከፈላል። ከየት? አዲስ አክሲዮን እያወጡ ከመሸጥ ነዋ። በ2017 የአክሲዮኑ ቁጥር ከመብዛቱ የተነሣ እያንዳንዱ 17 አክሲዮን ወደ 1 ተጠቃለለ። ከዚያም ተመልሶ በቢሊዮን ተቆጠረ።

ይሄ የኬፊ ብቻ ጠባይ አይደለም። ገቢ ያልጀመረ ትንሽ የማዕድን ኩባንያ በአብዛኛው የሚኖረው እንዲህ ነው። 1 ቢሊዮን አክሲዮን ባለው ኩባንያ ውስጥ 1 ሚሊዮን ገዛህ እንበል። ገቢው እስኪመጣ ቁጥሩ 5 ቢሊዮን ደረሰ። እስከዚያ የኩባንያው ዋጋ እጥፍ ቢሆን እንኳ ያንተ ገንዘብ ከግማሽ በታች ወርዷል። ወርቁ ስለመኖሩ ልክ ነበርክ፣ ግን ከሰርክ። ሰፈራችን ውስጥ ይህን የሚያስረዳ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ አውንሱ ነው።

ደግሞ «የመጀመሪያው ወርቅ ፈሰሰ» ማለት ትርፍ ተከፋፈለ ማለት አይደለም። ማጣሪያው በሙሉ አቅሙ እስኪሠራ ወራት ይወስዳል። ከገቢው ላይ አበዳሪው ይቀድማል፣ መንግሥትም የሮያሊቲ (ከሚወጣው ማዕድን ላይ የሚከፈል ድርሻ) እና የግብር ገንዘቡን ይወስዳል። አንተ መጨረሻ ላይ ነህ። ብዙ ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ የሚዘለው በተስፋው ሰሞን ነው፤ ግንባታው ሲጀመር ወሬው ይቀዘቅዛል፣ የቸኮለው ሸጦ ይወጣል።

እሞክራለሁ ካልክ የኩባንያውን መግለጫ ራስህ አንብብ። በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ስንት ወር ያቆየዋል? ባለፈው አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ በስንት ዋጋ ነበር? ብድሩ የተፈረመ ብቻ ነው ወይስ ገንዘቡም ተለቋል? በሁለቱ መካከል ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ከቶሮንቶ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ለእኛ አገር ማስታወሻው አላና ፖታሽ የሚባለው ኩባንያ ነው። እዚህ ቶሮንቶ ገበያ ላይ ነበረ፣ ዳሎል ውስጥ ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን) ሊያወጣ። ገቢ ሳያይ በ2015 ለእስራኤሉ ኩባንያ ለአይ ሲ ኤል ተሸጠ። አይ ሲ ኤልም በ2016 በግብር ክርክርና በመሠረተ ልማት እጦት አማርሮ ጥሎ ወጣ። ፖታሹ ዛሬም እዚያው አፋር መሬት ውስጥ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወዳጄ «ለአገርህ ልማት ነው» ሲለኝ ነው ልቤ የሸፈተው። 300 ፓውንድ ብቻ ባስገባስ? አይሳ (ትርፉ ግብር የማይከፈልበት የእንግሊዝ የቁጠባ ሂሳብ) ውስጥ ይገባል ወይ?

ከበርሚንግሃም፦
ይገባል። የኤይም አክሲዮን ከ2013 ጀምሮ በአይሳ መያዝ ይቻላል። ካተረፍክ ግብር የለብህም። ከከሰርክ ግን አይሳ ውስጥ የደረሰን ኪሳራ ከሌላ ትርፍህ ላይ ማቀናነስ አይቻልም። ስለ ልማቱ ደግሞ፦ አክሲዮኑን ከሌላ ሰው ገበያ ላይ ስትገዛ ገንዘብህ የሚሄደው ለሻጩ ነው፣ ወለጋ አይደርስም። 300ው ቢጠፋ እቤት ጠብ የማያስነሳ ከሆነ፣ ያንተ ፈንታ ነው።