የአማርኛ ጽሑፍንና ፋይልን የሚያስተናግዱ አጋዥ ፈንክሽኖች፦ «ዓሣ» እና «አሳ» በፕሮግራም ውስጥ እንዴት አንድ ይሁኑ?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ነው። ለአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የዕለት ምርት መዝገብ የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን እየጻፍሁ እገኛለሁ። ጠዋት ጀልባዎቹና ታንኳዎቹ ወደ ዳር ሲመለሱ መዝጋቢዋ በላፕቶፕ፣ ሁለት ረዳቶቿ ደግሞ በስልካቸው የአስጋሪውን ስም፣ ዓሣው የወረደበትን ቦታ፣ ዓይነቱንና ክብደቱን ይጽፋሉ፤ ማታ የሦስቱም መዝገብ በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) ፋይል ተሰብስቦ ይደመራል።

ያስቸገረኝ የመጀመሪያው ነገር የፊደል ጉዳይ ነው። አንዷ «ዓሣ» ስትል ሌላው «አሳ»፣ ሌላው «ዓሳ» ብሎ ይጽፋል። የከተማችን ስም እንኳ «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር»፣ «ባሕርዳር» እና «ባህርዳር» ተብሎ በአራት መልክ ገብቷል። ባለፈው ወር የአንድ አዛውንት አስጋሪ ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስለ ተመዘገበ ፕሮግራሜ እንደ ሦስት ሰው ቈጥሯቸው የወሩ ድምራቸው ተከፋፈለ፤ ክፍያቸውም ጎደለ። ሒሳባቸው በማግሥቱ ቢስተካከልም ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እንዲደገም አልፈልግም። ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የዩኒኮድን ኖርማላይዜሽን፣ ማለትም አቻ ምልክቶችን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣውን ፈንክሽን፣ ሞክሬ ነበር፤ አንድም ፊደል አልለወጠልኝም።

ሁለተኛው ችግር፣ ቤቴ በሊኑክስ ያለ እንከን የሚነበበው ፋይል በማኅበሩ ቢሮ በዊንዶውስ ሲከፈት አንዳንዱ ትርጉም በሌለው የላቲን ምልክት ተሞልቶ ይታያል፣ አንዳንዱ ደግሞ ገና ከመከፈቱ ፕሮግራሙን በስሕተት መልእክት ያቆመዋል። በአንድ ፕሮግራም ሁለት ዓይነት ጠባይ ለምን እንደሚታይ አልገባኝም። ሦስተኛው፣ ለእያንዳንዱ አስጋሪ በስሙ አንድ ፋይል ላስቀምጥ ስሞክር አንዳንዱ ስም አልቀመጥ ይላል። ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ላይብረሪ ውስጥ ምን ምን አጋዥ ፈንክሽኖች ላዘጋጅ?

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ

ኖርማላይዜሽኑ ያልሠራልዎት አጠቃቀምዎ ስለ ተሳሳተ አይደለም። ያ ፈንክሽን የሚያስማማው ዩኒኮድ ራሱ «እነዚህ አንድ ናቸው» ብሎ የመዘገባቸውን ምልክቶች ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለየራሳቸው የተለየ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ይህም የተገባ ነው፣ በግእዝ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። በአማርኛ ሞክሼ መሆናቸውን ለኮምፒውተሩ ማስተማር ያለብን እኛ ነን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወስደው አቋራጭ አለ፤ እኔም ወስጄው ተመልሻለሁ። እያንዳንዱ የፊደል ቤት በዩኒኮድ 8 ቦታ ይዟል። ሀ 4608፣ ሐ ደግሞ 4624 ስለሆነ ልዩነታቸው 16 ነው፤ በሠ እና በሰ መካከልም 16፣ በአ እና በዐ መካከል 48፣ በጸ እና በፀ መካከል 8 ነው። ስለዚህ ደምሮና ቀንሶ ሁሉንም ማስማማት የሚቻል ይመስላል፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ድረስም በእርግጥ ይሠራል። ስምንተኛው ቦታ ላይ ግን ያሳስታል። የሐ ቤት ስምንተኛ ሗ ሲሆን፣ ከእርሱ 16 ሲቀነስ የሚገኘው ሇ ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ድምፅ ያለው ፊደል ነው። በፇ እና በጿ መካከልም እንደዚሁ ነው። የሚያዋጣው ፊደላቱን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ሰንጠረዥ መሥራትና ሰንጠረዡን ፊደልን በፊደል ለሚተካው ለፓይተን ትራንስሌት ፈንክሽን መስጠት ነው፤ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍበት በየጊዜው አንዱን ብቻ የሚተካውን ሪፕሌስን ደጋግሞ ከመጥራት ይሻላል።

በሰንጠረዡ ውስጥ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ጭምር መግባት አለባቸው። «ዓሣ» በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ተጀምሮ በሳ ወይም በሣ ስለሚያልቅ ስምንት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። ጐ እና ጎ፣ ኰ እና ኮ፣ ቈ እና ቆም አይዘንጉ፤ ከሐይቁ ማዶ ያለችውን «ጎርጎራ»ን «ጐርጎራ» ብሎ የሚጽፍ አለና። ከዚያ በኋላ ሥርዓተ ነጥቡ ይመጣል። ሁለት ነጥብ፣ ማለትም «፡»፣ በዩኒኮድ የሚቆጠረው እንደ ባዶ ቦታ ሳይሆን እንደ ሥርዓተ ነጥብ ስለሆነ ጽሑፍን በክፍተቱ የሚከፋፍለው ስፕሊት «ባሕር፡ዳር»ን ለሁለት አይከፍለውም። አራት ነጥቡንም «፡፡» አድርጎ በሁለት ምልክት የሚጽፍ ብዙ ነው። እነዚህን ሁሉ ጽሑፉ ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ በአንድ ፈንክሽን አስተካክለው ቢያስቀምጡ መዝገብዎ ለዘለቄታው ንጹሕ ይሆናል።

መልስ፦ ሰርቨር ጠባቂ

ስለ ፋይሉ እኔ ልመልስ። ዩኒኮድ በፋይል በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 «ጣና»ን የመሰለ ቃል በእያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት (ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው) ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ፓይተን በዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደሉ ወደ ባይት የተለወጠበት ስልት፣ ካልተነገረው ፋይሉን የሚያነብበው በዊንዶውሱ አሮጌ የፊደል ገበታ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ይህ 1252 የተባለው የምዕራብ አውሮፓ ገበታ ነው። በዚያ ገበታ 225 ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ስለሆነ ጽሑፍዎ በዚያ ምልክት ተሞልቶ ይታያል።

አንዳንዱ ፋይል ለምን ፕሮግራሙን እንደሚያቆም ደግሞ ከዚያው ገበታ መረዳት ይቻላል። በገበታው ላይ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ምንም ያልተሰየመባቸው ባዶ ቦታዎች ናቸው። የ«ጣና» ባይቶች 225፣ 140፣ 163፣ 225፣ 138፣ 147 ናቸው፤ ሁሉም ስያሜ ስላላቸው ቃሉ ተበላሽቶም ቢሆን ይነበባል። አራት ነጥብ ግን 225፣ 141፣ 162 ነው፤ «ም» ደግሞ 225፣ 136፣ 157። ስለዚህ አንድ «።» ወይም አንድ «ም» ያለበት ፋይል ፕሮግራሙን ያቆመዋል፤ ከባዶዎቹ ባይቶች አንዳቸውም የሌሉበት ግን በዝምታ ተበላሽቶ ያልፋል። የበለጠ የሚያሳስበው ይህ ሁለተኛው ነው፣ ማንም ሳያውቅ የተበላሸው መልሶ ሊቀመጥ ይችላልና።

መፍትሔው ፋይል የሚከፍተውን ኦፕንን በቀጥታ የሚጠራ መሥመር በፕሮግራምዎ ውስጥ እንዳይኖር ማድረግ ነው። አንድ የማንበቢያና አንድ የመጻፊያ ፈንክሽን ይሥሩና ሁለቱም ኢንኮዲንጉን በግልጽ ይናገሩ። የሲኤስቪው ፋይል በኤክሴል የሚከፈት ከሆነ ዩቲኤፍ-8-ሲግ የተባለውን ይምረጡ፤ በፋይሉ መጀመሪያ 3 ባይት ምልክት ስለሚያኖር ኤክሴል አማርኛውን ያውቀዋል። ሲያነቡም በዚያው ያንብቡ፤ አለዚያ ምልክቱ ከመጀመሪያው ዓምድ ርእስ ጋር ተጣብቆ ዓምዱን በስሙ ሲፈልጉት ያጡታል።

የመጻፊያው ፈንክሽን ጽሑፉን በዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ጽፎ፣ ዲስኩ ላይ መድረሱን አረጋግጦ፣ በመጨረሻ ስሙን ከዋናው ፋይል ጋር ይተካው። መብራት በመካከል ቢጠፋ አሮጌው ፋይል ሙሉ ሆኖ ይቆያል። ይህን የምለው የአንድ ሙሉ ቀን መዝገብ ግማሹ ተጽፎ መብራት ሲሄድ ስላየሁ ነው።

አልቀመጥ ያሉት ስሞች «ገ/ማርያም» ወይም «ወ/ሮ» ያለባቸው መሆናቸውን ይመልከቱ። እዝባሩ ለኮምፒውተሩ የፎልደር መለያ ስለሆነ «ገ» የሚባል ፎልደር ይፈልጋል። ሌላው የስሙ ርዝመት ነው፤ በሊኑክስ የተለመደው የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም 255 ባይት ስለሚፈቅድ ከ85 የአማርኛ ፊደል በላይ አይዝም፤ ዊንዶውስ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ ስለሚቆጥር እስከ 255 ይዘልቃል። ስም ማሳጠር ካስፈለገ በፊደል እንጂ በባይት አይቁረጡ።

መልስ፦ የዘጌው ተማሪ

በፋይሉ ምክር እስማማለሁ፤ «ጽሑፉ ሲገባ አስተካክለው ያስቀምጡ» በተባለው ግን አልስማማም። ሞክሼ ፊደል በአማርኛ ድምፁ አንድ ቢሆንም ትርጉም የሚለይበት ቦታ አለ። ሠረቀ ፀሐይ ወጣች ማለት ሲሆን ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው፤ ምሁር የተማረ፣ ምሑር ይቅርታ የተደረገለት ነው። እዚህ በባሕረ ገብ ምድራችን ያለው ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ እየተጻፈ ማኅበሩ በሚያወጣው ደረሰኝ ላይ «ኡራ ኪዳነ ምህረት» ሆኖ ቢወጣ ባለቤቶቹን ያሳዝናል። ኃይለ ሥላሴ የተባለ አባትም ስሙ «ሀይለ ስላሴ» ተብሎ ታትሞ ሊሰጠው አይገባም። ሰውየው የጻፈው እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፤ ሰንጠረዡ የሚያወጣው ግን በሌላ ዓምድ መፈለጊያና ማነጻጸሪያ ብቻ ይሁን፤ ለሰው ዓይንም አይታይ።

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ

ትክክል ነዎት፤ ያን ምክሬን ትቻለሁ። አንዴ የጠፋ ፊደል ከመዝገቡ ተመልሶ አይገኝም። ፈንክሽኑ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳይነካ ቁልፍ፣ ማለትም ያን ማነጻጸሪያ፣ ብቻ ይመልስ፤ ለቦታ ስሞች ክፍተቱንም ቢያጠፋ «ባሕር ዳር» እና «ባህርዳር» አንድ ቁልፍ ይኖራቸዋል። ለሰው ስም ግን ክፍተቱን አያጥፉ።

ጠያቂው፦ ጣና ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ቁልፉን በተለየ ዓምድ አስገብቼ ያለፈውን ወር መዝገብ መልሼ ደመርሁት፤ የአዛውንቱ ሦስት መሥመሮች አንድ ሆነው ወጡ። የቢሮው ኮምፒውተርም ፋይሎቹን ሁሉ ያነባል። የቀረኝ የአሕጽሮቱ ነገር ነው፤ «ገ/ማርያም» ከ«ገብረ ማርያም» ጋር እንዲገጥም አሕጽሮቱን በፈንክሽን ብፈታው ይሻላልን?

መልስ፦ የዘጌው ተማሪ

«ገ/»ን ገብረ ብሎ መፍታት አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። «ወ/ማርያም» ግን ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናቸው። «ተ/»ም ተክለ ወይም ተስፋ ይሆናል። ስለዚህ ፈንክሽኑ አሕጽሮት ያለበትን ስም ለይቶ ለመዝጋቢዋ ያሳያት፤ እርሷም ባለቤቱን ጠይቃ ሙሉውን ትጻፍ። ለእያንዳንዱ አስጋሪ የአባልነት ቁጥር ካለ ፋይሉም በቁጥሩ ይሰየም፤ ክፍያው በስም ሳይሆን በቁጥሩ ይደመር።